በንፋስ ቀዳዳው በኩል

ሽቦ ይሉታል። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ ግን በዚያ ስም ብትጠሩት ዞር ብሎም አያይም። ሽቦ ያሉት ቅጥነቱን አይተው ነው፤ ሲቆም ከብስክሌት ጎማ ላይ ተነቅሎ የመጣ ይመስላል። ስልሳ ሊሞላው ትንሽ ቀርቶታል። ከዚያ ውስጥ አርባውን ዓመት ያሳለፈው አጎንብሶ ጎማ ሲሠራ ነው። ጎማ ስል ላስቲኩን ብቻ ማለቴ አይደለም፤ ላስቲክማ ማንም ይቀይራል። እሱ የሚሠራው የብስክሌቱን ሙሉ እግር ነው፤ ዳር ያለውን ክብ ብረት፣ ቸርኬውን፤ መሃል የሚሽከረከረውን ሞዞ፤ ሁለቱን የሚያያይዙትን ሠላሳ ስድስት ቀጫጭን ሽቦዎች።

ሥራውን ያስተማረው ታላቅ ወንድሙ ነው። ጋሼ ነው የሚለው፤ ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎት እንኳ ጋሼ ነው የሚለው። ሠላሳ ዓመት ያህል በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሠርተዋል፤ ሠላሳውንም ዓመት ተተራርበዋል። ጋሼ ሽቦዎቹን የሚያጠብቀው በጆሮው ነበር። በጣቱ ይነካካቸዋል፣ ጥን ጥን ይላሉ፤ "ይቺ ታለቅሳለች" ይልና ቁልፉን ሩብ ዙር ያዞራል። ሽቦ ደግሞ መለኪያ ካልያዘ አያምንም። "ጋሼ፣ ለምን ሙዚቃ ቤት አትከፍትም?" ይለዋል።

ጋሼም ምላሽ አያጣም። ሽቦ አንድ አመል ነበረው፣ ዛሬም አለው። ቸርኬ ላይ ንፋስ የሚሞላበት ቀዳዳ አለ አይደል? በዚያ ቀዳዳ አንድ ዓይን ጨፍኖ ወደ ውስጥ ሲያይ፣ ሞዞው ላይ ያለው የፋብሪካ ጽሑፍ ልክ ፊት ለፊቱ ካልመጣ፣ የሠራውን በሙሉ ፈትቶ እንደገና ይሠራል። ጥቅም የለውም። ብስክሌቱ በዚህ አይፈጥንም፣ አይጠነክርም። ላስቲኩ ሲገባ ደግሞ ቀዳዳው ይደፈናል፤ የሚያየው ሰው የለም።

"ታዲያ ለማን ነው?" ይለዋል ጋሼ። "እግዜር በቀዳዳ ያጮልቃል?"

"ለሥራው ነው።"

"ኧረ ወዲያ! ሥራ ፈት!"

ጋሼ በሠራው ጎማ ላይ ጽሑፉ ከቀዳዳው ፊት ቆሞ አያውቅም። ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ጋሼ ምን ቸገረው።

እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል። እነዚህ ሁለቱ የዋጡት ምላጭ፣ ብትስቁም አልቀየምም፣ የጎማ ስፋት ነበር። ከሰባት ዓመት በፊት ሽቦ አዲስ ነገር ማውራት ጀመረ። ሰፋ ያለ ጎማ ንፋሱ ቀነስ ተደርጎ ቢነዳ መንገድ ያለሰልሳል፣ እጅና ወገብ አይጎዳም፣ ፍጥነቱም ያው ነው አለ። ጋሼ ዕድሜውን ሙሉ ያመነው በጠባብና በጠጣር ጎማ ነው። "የቀረህ የትራክተር ጎማ መግጠም ነው" አለው፣ ደንበኛ ፊት። ሽቦም አፉን መያዝ አቃተውና "አንተን ጊዜ ጥሎህ ሄዷል" አለው፣ እሱም ደንበኛ ፊት። ታላቅ ወንድም እንዲህ ይባላል? አይባልም። ሽቦም እንደማይባል ያውቅ ነበር፤ ቃሉ ገና ምላሱ ላይ ሳለ ያውቅ ነበር።

በሳምንቱ መሣሪያውን ጠቅልሎ መንገዱን ተሻገረና ትይዩ ያለውን ሱቅ ተከራየ። ሌላ ሰፈር መሄድ አይችልም ነበር? ይችል ነበር። ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ደግሞ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ጋሼን ሳያይ መዋል አይሆንለትም።

እንዲህ ሆነው ፊት ለፊት አምስት ዓመት ተቀመጡ። ሰላምታ የለም። አንዱ ሲያስል ሌላው ይሰማል፣ በቃ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ አንድ ቀን ብቻ ጋሼ ጎማ ይዞ በሩ ላይ ወጣ። ላስቲክ ያልገባበት ጎማ ነው። በሁለት እጁ ወደ ሽቦ አቅጣጫ ከፍ አድርጎ ያዘው። ሽቦ አየው፤ 'ጠባቡን እያሳየ ሊያበግነኝ ነው' አለ በሆዱ። ተነሳና የሱቁን ላሜራ መዝጊያ ቁልቁል ጎተተው፣ በጠራራ ፀሐይ። ከዚያ ወዲያ ጋሼ ጎማ ይዞ በር ላይ ወጥቶ አያውቅም። ሦስት ዓመት ቆይቶ አንድ ጠዋት ልቡ ቀጥ አለ።

ማዶ ያለው ሱቅ ዛሬ ጫማ ይሸጥበታል። የጫማ ነጋዴው ሲያስል ሽቦ ቀና ይላል፤ ጫማ ያያል። ጋሼ ተቀይሞኝ ነው የሞተው? ይህን ጥያቄ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚያነሳው እሱ ነው የሚያውቀው። የሚመልስለት ግን ማን አለ?

ባለፈው ሰኞ የጋሼ ልጅ ብስክሌቷን እየገፋች መጣች። እናቷ በልጅነቷ ሞታባት በሁለቱ ወንድማማቾች ጠረጴዛ ሥር ያደገች ልጅ ናት። ከአምስት ዓመት በፊት አዋላጅነት ልትማር ርቃ ሄዳ፣ ተምራ፣ እዚያው ሠርታ፣ አሁን ተመልሳለች። ቤት ለቤት እየዞረች ነፍሰ ጡሮችን ታያለች።

"አጎቴ፣ መንገዱ ሁሉ ድንጋይ ነው፤ እጄ አለቀ" አለችው። "በዚህ ጠባብ ጎማ አልቻልኩም። ስፋቱን ሠላሳ ሁለት ሚሊ አድርግልኝ። መቼም ሰፊ ጎማ ካልክ አንተ ነህ!"

ሽቦ ሳቀ። ወዲያው ሳቁ ቆመ። ብስክሌቷ የቆመችበትን ሁለት ጎማ አየ።

"እነዚህ..."

"የአባዬ ናቸው። ልሄድ ስል የሠራልኝ። ከዚያ በኋላ መሥራት ተወ መሰለኝ፣ መጠገን ብቻ።"

ጎንበስ ብሎ ለካ። መለካት እንኳ አያስፈልገውም ነበር። የቸርኬው የውስጥ ስፋት አሥራ ሦስት ሚሊ ነው። ለሃያ ሦስት ሚሊ ጎማ ጥሩ ነው፤ ለሠላሳ ሁለት ግን ቢያንስ አሥራ ሰባት፣ ቢቻል አሥራ ዘጠኝ ይፈልጋል። ይህን ከሽቦ የበለጠ የሚያውቅ በከተማው የለም፤ ከወንድሙ የተጣላበት ትምህርት ነው። ቸርኬው ከተቀየረ ደግሞ የሽቦዎቹ ርዝመት ይለወጣል፤ ሠላሳ ስድስቱም ይጣላሉ። የጋሼ እጅ ያጠላለፈው ይፈታል። ከሞዞው በቀር የሚተርፍ የለም።

"ቸርኬው ይበቃሻል" አለ። "ላስቲኩን ብቻ እንቀይረው።"

ውሸት ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ደንበኛ ዋሽቶ የማያውቅ ሰው የገዛ ወንድሙን ልጅ ዋሸ። ጠባቡን ላስቲክ አወጣ፣ ሰፊውን አስገባ፤ ዓይኑ መንገድ መንገዱን እያየ፣ እጁ በለመደው እየሠራ። ንፋስ ሲሞላው ላስቲኩ ከቸርኬው በላይ እንደ አምፖል አበጠ። አየው። "ቀስ ብለሽ ንጂ" ብቻ አላት። እሷም ጉንጩን ስማው ሄደች።

ረቡዕ ጠዋት ብስክሌቷን እየጎተተች ተመለሰች። ክርኗ በፋሻ ተጠቅልሏል፣ ሱሪዋ ጉልበቱ ላይ ተቀዷል። ምጥ የያዛት ሴት ጋ ስትጣደፍ፣ ቁልቁለቱ መጨረሻ ላይ ስትታጠፍ፣ ላስቲኩ ቸርኬው ላይ ተንሸራተተ፤ ብስክሌቷ ከሥሯ ወደ ጎን ሄደች፤ ዕቃዋ መንገድ ላይ ተበተነ።

"በእግሬ ሮጥኩ። ደግነቱ ደረስኩ። ሴት ልጅ ናት፣ ሦስት ኪሎ ተኩል" አለች። ከዚያ በርጩማው ላይ ቁጭ አለችና ዓይን ዓይኑን አየችው። "አጎቴ፣ ታውቅ ነበር አይደል?"

ሽቦ ቁልፉን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው።

"አውቅ ነበር።"

"ታዲያ?"

"ልፈታው አልቻልኩም፣ የኔ እናት። የእጁ ሥራ ነው። ሌላ ምን ተረፈኝ?"

ልጅቷ የተጠቀለለ ክርኗን ወደ እሱ አነሳች። "እኔስ የእሱ አይደለሁም? የወደቅኩት እኮ እኔ ነኝ።"

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አለ ሽቦ። ወደ ጓዳ ገባና ሦስት ጥንድ ቸርኬ ይዞ ወጣ። ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። ይህን ጊዜ እንደ ሰው ሊያማክራት ነው።

"ይቺ ታምራለች፣ ታብለጨልጫለች፤ ግን የሽቦ ቀዳዳዋ ሠላሳ ሁለት ነው፤ የአባትሽ ሞዞ ሠላሳ ስድስት። አይጋቡም። ይቺኛዋ ውስጧ ሃያ አምስት ነው፤ ትከብዳለች፤ ዳገት ላይ ትረግሚኛለሽ፤ ፍሬንሽም ለሷ ስፋት በበቂ አይከፈትም።" ሦስተኛዋን አንስቶ ጠረጴዛውን በጠርዟ ነካ አደረገው። "ይቺ ናት። አሥራ ዘጠኝ። መልክ የላትም፣ ዕድሜ አላት።"

"እንዳንተ" አለች ልጅቷ።

"ምላስሽ ደህና ነው፤ እሱን አልሰበረውም" አላት፤ ትንሽ ቀለል አለው።

ለአዲሱ ቸርኬ ሞዞው መጽዳት አለበት። ሽቦ የፊተኛውን ጎማ ላስቲክ አወለቀ፣ ንፋስ የሚሞላውን የውስጥ ጎማ፣ ከመነዳሪውን፣ አወጣ፤ አምስት ዓመት የተጋገረውን ቅባትና አፈር በናፍጣ በነከረው ጨርቅ ማሸት ጀመረ። ጥቁሩ እየለቀቀ ሄደ፤ ብርማ መልኩ ብቅ አለ፤ የፋብሪካው ጽሑፍ ብቅ አለ። የሽቦ መቁረጫውን አነሳ። እዚህ ላይ የድሮ አመሉ ያዘው። ከመቁረጡ በፊት ጎማውን ወደ ብርሃን አዞረ፣ አንድ ዓይኑን ጨፈነ፣ በንፋስ ቀዳዳው ወደ ውስጥ አየ።

ጽሑፉ ፊት ለፊቱ ነበር። ልክ መሃል ላይ፣ በመለኪያ የተሠራ ይመስል።

"አጋጣሚ ነው" አለ ጮክ ብሎ። የኋላውን ጎማ ጎትቶ አወረደ። ላስቲኩን አወለቀ፣ ሞዞውን አሸ። አየ። የኋላውም መሃል ላይ ነው። አንዱ አጋጣሚ ነው እንበል፤ ሁለቱስ?

"ምነው አጎቴ? ምን አየህ?"

ቀዳዳውን አሳያት። ለማን ነው፣ እግዜር በቀዳዳ ያጮልቃል ወይ ሲባል የኖረውን ክርክር ነገራት። ልጅቷ አንድ ዓይኗን ጨፍና ረጅም ጊዜ አየች።

"ለካ ለዚህ ነበር" አለች ቀስ ብላ። "ልሄድ የነበረ ቀን አንዱን ጎማ ሠርቶ ጨርሶ፣ እንደገና ፈታው። አውቶቡስ ሊያመልጠኝ ነው፣ ተበሳጨሁ። 'ምን አጠፋህ?' ስለው 'ቀዳዳው አልገጠመልኝም፤ ያንን ሰውዬ ካሳየሁት በትክክል ነው ማሳየት ያለብኝ' አለኝ። እኔ የትኛው ሰውዬ እንደሆነ አልጠየቅኩም። ከዚያ ሲያልቅ ይዞት በር ላይ ወጣ። ወዲያው ተመለሰ። 'ዘግቷል' አለ። ሌላ አላለም።"

ሽቦ መቁረጫውን አስቀመጠ። ጎማውን ደረቱ ላይ አቅፎ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ቀብር ላይ ጠብ ያላለው እንባ አሁን መጣ፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። "ዘጋሁበት" ይላል። "ጋሼ፣ እኔ እኮ ዘጋሁብህ።" ልጅቷ አጠገቡ ተቀምጣ በደህናው እጇ ትከሻውን ያዘችው። አይዞህ አላለችውም። አዋላጅ ናት፤ ሰው መጮህ ሲኖርበት ታውቃለች።

ሲበቃው ፊቱን በሸሚዙ እጅጌ ጠረገና ተነሳ። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ቆረጠ። እያንዳንዱ ሲቆረጥ ጥን ይል ነበር።

አዲሱን ጎማ ለመሥራት ግማሽ ቀን ፈጀበት። ጽሑፉን ከቀዳዳው ፊት አቆመው፣ እሱስ የታወቀ ነው። ሽቦዎቹን በመለኪያ አጠበቃቸው፤ ሁሉም እኩል ሆኑ። ከዚያ ልጅቷን ጠራት።

"ነይ፣ ጆሮሽን አውሺኝ። የእኔ ለዚህ አልተፈጠረም።"

ልጅቷ ጎንበስ ብላ በጣቷ እየነካካች ዞረች። ጥን፣ ጥን፣ ጥን። አንዷ ጋ ስትደርስ ቆመች። ደግማ ነካቻት።

"ይቺ ታለቅሳለች" አለች።

መለኪያው ምንም የለባትም ነበር የሚለው። ሽቦ መለኪያውን አየ፣ የልጅቷን ፊት አየ፤ የአባቷ ግንባር፣ የአባቷ ቅንድብ። መለኪያውን መሳቢያ ውስጥ ከተተና ቁልፉን ሩብ ዙር አዞረ።

ላስቲኩን ከማስገባቱ በፊት ጎማውን ይዞ ወደ በሩ ሄደ። ፀሐዩ ገና ጠራራ ነበር። በሁለት እጁ ይዞ ወደ ማዶ ከፍ አደረገው። የጫማ ነጋዴው በሩ ላይ ተቀምጦ ጫማ ሲወለውል ቀና አለ። ግራ ገባው፤ ግራ ቀኙን አየ። ከዚያ የሰው ነገር ሆኖበት፣ እሱም በእጁ የያዘውን አንድ እግር ጫማ ከፍ አድርጎ አሳየው።

ይህን ያህል ቀላል ነበር። ያን ቀን ጋሼ ከማዶ የጠበቀው ይህችኑ ነበር።

ሽቦ እጁ እስኪዝል ድረስ ጎማውን አላወረደም።