በመጀመሪያው ሳምንት የሚያልቁት

«የፓምፕ ቤት እዚህ ነው?»

በሩ ላይ የቆመው ሰውዬ ግዙፍ ነው፤ ኮፍያውን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ጨብጦ እንዳጠፋ ተማሪ አንገቱን ደፍቷል። ከኋላው መነጽር ያደረገች፣ ጥቁር ሻርፕ የጠመጠመች ሴት ቆማለች። የሟቹ ታላቅ እህት የሻይ ብርጭቆ የሞላበት ትሪ እንደያዘች ከእግር እስከ ራሳቸው አየቻቸው። ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ሲገባና ሲወጣ ፊት ሁሉ አንድ እየመሰላት መጥቷል፤ እነዚህን ግን አይታቸው እንደማታውቅ እርግጠኛ ናት።

«የምን ፓምፕ?» አለች። «ከውኃው መሥሪያ ቤት ናችሁ? እነሱ እኮ ትናንት መጥተው ነበር።»

«አይ፣ እኛ እንኳ...» ሰውዬው ድረሽልኝ በሚል ዓይን ወደ ሴትዮዋ ዞረ።

«እስከ ትናንት ትክክለኛ ስሙን አናውቅም ነበር» አለች ሴትዮዋ። «ስልክ ላይ አንድ ግሩፕ አለን። እዚያ ፓምፕ ነበር የምንለው። አብሮት የሚሠራው ልጅ መርዶውን ነግሮን፣ አድራሻውን ተቀብለን መጣን። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ባዮሎጂ። እሱ ታክሲ ነጂ ነው።»

«የምን ግሩፕ?»

አስተማሪዋ ሻርፗን አጥብቃ ጠመጠመች። ሐዘን ቤት ደጃፍ ላይ ቆሞ «የዞምቢ፣ ተነሥቶ ሰው የሚበላ ሬሳ» ማለት አፍ ላይ ይከብዳል።

«የፊልም» አለች በመጨረሻ።

እህቱ ያኔ ገባት። ያ ፊልም! እንኳን ልትረሳው፣ ድምፁ እስካሁን ጆሮዋ ውስጥ አለ፤ ማንጎራጎሩ፣ ጥይቱ፣ የሚሮጥ ሰው ኮቴ። በሩን ከፍታ አሳለፈቻቸው።

ወንድሟ የውኃ ፓምፕ ቴክኒሻን ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ኩላሊቶቹ ሥራ አቆሙ። እህቱ የራሷን ልትሰጠው ሮጣ ተመረመረች፤ አይስማማም ተባለች። እናታቸው ስኳር ስላለባቸው ከነጭራሹ አልታሰቡም። ከዚያ በኋላ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ክሊኒክ ሄዶ አራት አራት ሰዓት ከማሽን ጋር መታሰር ሆነ፤ ደሙ በአንድ ቱቦ ይወጣል፣ ታጥቦ በሌላው ይመለሳል። እሷም የምትሠራበትን የልብስ ስፌት ቤት ፈቃድ እየጠየቀች፣ ክርኑን ደግፋ በየፎቁ እያሳረፈች ከአራተኛ ፎቅ ታወርደዋለች፤ ክሊኒክም አጠገቡ ትቀመጣለች። እሱ ታዲያ በነፃው እጁ ስልኩን ይዞ ያንን ተከታታይ ፊልም ሲያይ፣ ሲያቆም፣ ሲጽፍ፣ ብቻውን ሲስቅ ይውላል።

አንድ ቀን አላስችል ብሏት፣ «ሰው ሰውን ሲበላ ማየት ነው ለአንተ መጽናኛ?» አለችው።

«እቴቴ ደግሞ! እኔ መች ዞምቢዎቹን አየሁ? የማየው ውኃውን ነው።»

«የምን ውኃ?»

ስልኩን አዞረላት። ፊልሙ ላይ አንዲት ቆንጆ ገላዋን ትታጠባለች። «ዓለም ካለቀ ሰባት ዓመቱ ነው እንግዲህ። መብራት የለም፣ ሠራተኛ የለም። ይቺ ልጅ በሙቅ ውኃ ሻወር ትወስዳለች! ፓምፑን ማን አስነሣው? ቫልቩን ማን ከፈተው? ሰባት ዓመት ያልታየ ቫልቭ እኮ በመዶሻም አይላወስም!» እንደ ተሰደበ ሰው ከልቡ ተናዶ ነበር። አጠገቡ የተኙት ሽማግሌ እንኳ፣ ቱቦ ክንዳቸው ላይ እንደተተከለ፣ ሳቃቸው መጣ።

እህቱ ይኼን እያሰበች ለእንግዶቹ ሻይ ሰጠች። ሳሎኑ ውስጥ ከጎረቤት በተሰበሰቡ የፕላስቲክ ወንበሮች ላይ አሥር የሚሆኑ ሰዎች ተቀምጠዋል። እናታቸው ጥጉ ላይ፣ ልጃቸው ይተኛበት በነበረው ሶፋ ላይ፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው አንድ ቦታ ያያሉ። «እነማን ናቸው?» የሚል ሹክሹክታ ዙሩን ጨረሰ።

ነጂው ዝምታ የሚችል ሰው አልነበረም። ብርጭቆውን ሦስት ጊዜ አነሣና አስቀመጠ። አጠገቡ የተቀመጠው የአክስታቸው ልጅ ከየት እንደሚተዋወቁ ሲጠይቀው፣ ልክ በር እንደ ተከፈተለት ሰው ተንደረደረ።

«ወንድምህ ማለት በነጥብ የሚረታህ ሰው ነው! ግሩፑ የፊልሙን ስሕተት ነው የሚለቅመው፤ እኔ ሠሪዎቹን ቤንዚኑ ላይ ነበር የያዝኳቸው። ቤንዚን ዓመት ሲሞላው ይበላሻል፤ እነሱ በስድስተኛው ዓመት መኪና ያስነሣሉ። ፓምፕ ምን አለኝ? ‹አንተ ቤንዚኑን ትላለህ፤ ባትሪውስ? ጎማውስ?› አፌን አስያዘኝ።»

«ሣሩስ?» አለች አስተማሪዋ ሳይታወቃት። «የሁሉም ሰው ግቢ ሣር እንደ ተከረከመ ነው። ሁለት ሳምንት ተከራክረናል፣ ማን ነው የሚያጭደው ብለን።»

«እሱማ፣ ‹ዞምቢዎቹ ናቸው፤ ቀን ቀን ሥራ አላቸው› ብሎ ዘጋው!»

የአክስታቸው ልጅ ፈገግ አለ። አንዲት ጎረቤትም ጠጋ አለች። የአስተማሪዋ ፊት በራ፤ ክፍል ውስጥ የገባች ያህል ጣቷን አነሣች። «እኔ ግን መሠረታዊው ስሕተት እሱ አይደለም ባይ ነኝ። ሬሳ በሙቀት ሁለት ሳምንት አይቆይም። ጅማቱ ይበሰብሳል፤ እንዴት ብሎ ነው...»

ቃሉ ክፍሉ መሃል ወደቀ።

እናታቸው ዓይናቸውን ከነበረበት አንሥተው አስተማሪዋን አዩዋት። ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። አስተማሪዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«እባካችሁ» አለች እህቱ። «እባካችሁ፣ እዚህ ሐዘን ነው ያለው።» ትሪውን አንሥታ ወደ ወጥ ቤት ገባች።

የታጠበውን ብርጭቆ መልሳ እያጠበች ሳለ አስተማሪዋ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። መነጽሯን አውልቃ በሻርፗ ጫፍ ትጠርጋለች።

«ይቅርታ አልልሽም፤ ይቅርታ የሚባል ነገር አይደለም» አለች። «የመጣሁት ግን ለቅሶ ልደርስ ብቻ አልነበረም። የምነግርሽ ነገር አለኝ። ከነገርኩሽ በኋላ ውጪ ብትዪኝ እወጣለሁ።»

«ምንድን ነው?»

«መታመሙን አናውቅም ነበር። እውነቴን ነው፤ አንድም ቀን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። የዛሬ ወር ገደማ አንድ ጥያቄ ጻፈ።» ስልኳን ከፈተችና አቀበለቻት።

እህቱ እጇን በቀሚሷ አደራርቃ አነበበች። የወንድሟ አጻጻፍ ነው፤ ነጥብ እንኳ የማይረሳው።

«ወገኖች፣ ስድስት ሲዝን ሙሉ አየሁ። በማሽን የሚኖር ሰው አላየሁም። ኩላሊቱ የማይሠራ፣ ኢንሱሊን የሚወጋ፣ ልቡ በባትሪ የሚመታ። ጥይት የሳተው ሁሉ አለ፤ እነዚህ የሉም። የት ሄዱ?»

ከሥሩ የአስተማሪዋ መልስ አለ። «እነሱማ በመጀመሪያው ሳምንት ያልቃሉ። ለታሪኩ አይጠቅሙም።» ከመልሱ ሥር አርባ ሰው የሳቀ ፊት አስቀምጧል።

ቀጥሎ ደግሞ የወንድሟ። «ልክ ነሽ ቲቸር። እንዲያውም ሳምንትም አይሞላም።»

«አየሽ» አለች አስተማሪዋ። «በክርክር ያሸነፍኩት የመጀመሪያ ቀን ነበር። ደስ ብሎኝ ለባለቤቴ ሁሉ አሳየሁት።»

እህቱ ልትቆጣ ፈለገች። ቁጣውን ፈለገችው፤ አጣችው። በእሱ ፈንታ የመጣባት አንድ ከሰዓት ነው። ከክሊኒክ ሲመለሱ ወንድሟ መስኮቱን እያየ፣ «እቴቴ፣ ዓለም ቢያልቅ የት ትወስጂኛለሽ?» ብሏት ነበር። «ክሊኒክ ነዋ» አለችው። «ክሊኒኩ ባይኖርስ?» «አትዘባርቅ!» አለችና ወሬ ቀየረች። ያኔ የቀልድ መስሏት ነበር። ለካ እሷም መልስ አልነበራትም።

«ዓለም አላለቀም እኮ» አለች፣ ለአስተማሪዋ ይሁን ለግድግዳው ሳይለይ። «ሁሉም ነገር እንዳለ ነበር። መብራቱ፣ መኪናው፣ ነርሱ፣ ማሽኑ። ውኃ ነው የጠፋው። ውኃ ብቻ።»

ያለፈው ሳምንት እሑድ የሰፈሮቹ ሁሉ መጋቢ የሆነው ዋናው ፓምፕ ቆመ። ወንድሟ ራሱ ስምንት ዓመት የተንከባከበው ፓምፕ። ሰኞ ክሊኒኩ ሲደርሱ በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፤ ውኃ የለም፣ እጥበት የለም። ሌላኛው ክሊኒክም የሚጠጣው ከዚያው መስመር ነው። ወደ ሌላ ከተማ ደወለች፤ ተራው ለሚቀጥለው ሳምንት ነው አሏት።

«ለአንድ ሰው ስንት ውኃ ነው የሚያስፈልገው?» ብላ ነርሷን ጠየቀቻት።

«መቶ ሃያ ሊትር፣ ከዚያም በላይ።»

«ስድስት ጀሪካን ነው እኮ! እኔ ተሸክሜ አመጣለሁ፤ ከወንዝም ቢሆን!»

ነርሷ ትከሻዋን ያዘቻት። «የኔ እህት፣ ማሽኑ ከጀሪካን አይጠጣም። ተጣርቶ፣ በግፊት ነው የሚገባው።»

ማክሰኞ እግሩ አበጠ። ባልደረባው ከፓምፕ ጣቢያው ደወለለት። ወንድሟ ሶፋው ላይ ቀና ብሎ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈ። «አስነሣውና ስልኩን አስጠጋው፤ ድምፁን ልስማ... በቃ አጥፋው፣ አጥፋው! ኩሽኔታው ነው፤ ዘንጉን የያዘው ቀለበት አልቋል። መጋዘን ውስጥ የለም፤ ማስመጣት አለባችሁ። እስኪመጣ ዘንጉን አውጡና ጠብቁ።» ልብሱን ልልበስ ብሎ ተነሣ፤ ሁለት እርምጃ ሄዶ ተመልሶ ተቀመጠ። ረቡዕ ትንፋሹ አጠረ። ቢሆንም ቀኑን ሙሉ በስልክ አሠራቸው፦ የትኛውን ብሎን አስቀድሞ፣ የትኛውን አስከትሎ። ኩሽኔታው አመሻሽ ላይ መጣ። ሐሙስ ጠዋት ፓምፑ ተነሣ።

«ክሊኒኩ ቀድመን ደረስን» አለች እህቱ። «ወንበሩ ላይ አስቀመጥነው። ነርሷ ግን ቧንቧውን ስትከፍት ውኃው ቡና መሰለ። አራት ቀን የቆመ ቧንቧ ነዋ! እስኪጠራ ትንሽ ጠብቁ አሉን። እኔ ጮህኩ። ዝም ብላችሁ ስኩለት፣ ወንድሜ እየሞተብኝ ነው አልኳቸው። እሱ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ?»

አስተማሪዋ ራሷን ነቀነቀች።

«‹ተያቸው እቴቴ፤ ልክ ናቸው› አለኝ። ‹ቆሻሻ ውኃ ደም ውስጥ አይገባም።› ልክ ናቸው አለኝ! አጠገቡ ማሽን አለ፣ ሐኪም አለ፣ ውኃው ይፈሳል፣ እኔ እጁን ይዣለሁ። ማንም ያጠፋው ነገር የለም። ሁላችንም ቆመን ውኃው እስኪጠራ እናያለን። ሲጠራ ነርሷ፣ ‹በሉ አሁን› ብላ ዞረች። አልደረሰም።»

አስተማሪዋ ፎጣ አንሥታ ብርጭቆዎቹን ታደርቅላት ጀመር።

ወደ ሳሎን ሲመለሱ ነጂው ወንበሩን እናታቸው አጠገብ አስጠግቶ አገኙት። ጎንበስ ብሎ የሆነ ነገር ሲጠየቅ ቆይቷል። አስተማሪዋን ሲያይ እፎይ አለ።

«እሷን ይጠይቋት፣ እማማ። የተማረችው እሷ ናት።»

እናታቸው የአስተማሪዋን እጅ ያዙ። «ልጄ፣ ያ የምታዩት ነገር ላይ፣ እንደ እሱ የታመመ ሰው አለ ወይ?»

«የለም፣ እማማ።»

«አንድም?»

«አንድም።»

«ምነው?»

አስተማሪዋ እህቱን አየቻት፤ እህቱ መሬት መሬቱን ታያለች። «የሠሩት ሰዎች አላሰቧቸውም» አለች። «እኛም አላሰብናቸውም።»

እናታቸው ይህንን ሲያላምጡ ቆዩ። «እሱ ግን ጠይቋችኋል?»

«ጠይቆናል።»

«እንግዲያው ጥሩ መልስ ጻፉለት» አሉ፣ ልጃቸው ማታ ሥራ ውሎ ሲገባ የሚያነበው ይመስል። ነጂው ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፋና ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። የሚጻፍ መልስ እንደሌለ ሦስቱም ያውቃሉ። አሮጊቷ ግን «እሺ» እስኪባሉ እጅ አልለቀቁም።

«እሺ፣ እማማ» አለች አስተማሪዋ።

ሲነሡ እህቱ ልሸኛችሁ አለች። ነጂው መኪናውን ሊያዞር ቀድሞ ወረደ፤ የኮቴው ድምፅ ከአራተኛ ፎቅ እስከ ምድር ተሰማ። እህቱ የአስተማሪዋን ክንድ ከክርኗ ሥር ደግፋ ቀስ እያለች ትወርዳለች። አስተማሪዋ ጤነኛ ናት፣ ደረጃውም ሰፊ ነው፤ ግን ክንዷን አላስለቀቀችም።

ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ ደረጃው የሚታጠፍበት ቦታ ሲደርሱ እህቱ ቆመች።

አስተማሪዋ ደከመሽ ወይ ልትላት አፏን ከፈተች። ከዚያ የእህቱን እጅ አየች። ክርኗን ከሥር እንደያዘ፣ ክብደት ሊቀበል ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ እጅ ነው። የእህቱ ዓይን ከፊት ለፊት ያለው የተላጠ ግድግዳ ላይ ነው፤ ከንፈሯ ሳይሰማ ይቆጥራል፤ የአንድ ሰው ትንፋሽ እስኪመለስ የሚበቃውን ያህል።

አስተማሪዋ የደረጃውን መደገፊያ በአንድ እጇ ያዘችና ክብደቷን ቀስ አድርጋ ጣለችባት።

ቆሙ። ከታች የመኪና ሞተር ተነሣ።

«አይዞህ» አለች እህቱ በመጨረሻ። «ቀስ በል፣ አንድ ፎቅ ብቻ እንውረድና ደግሞ ታርፋለህ።»

«እሺ» አለች አስተማሪዋ፣ ቀስም አለች።