ርካሽ እኮ ነው!

ታናሽ ወንድሜ ከስድስት ዓመት በኋላ ለሦስት ሳምንት ሊጠይቀን ከውጭ አገር መጣ። ገና ሻንጣው ሳይከፈት ስልኩን አወጣ። ዋጋ በሰማ ቁጥር ወደዚያኛው አገር ገንዘብ ይመነዝርና «ርካሽ እኮ ነው!» ይላል። ፀጉር ቆራጩ ሒሳቡን ቢነግረው ሳቀበት፤ «እዚያ በዚህ ገንዘብ ማበጠሪያ እንኳ አያስነኩህም» ብሎ እጥፉን ከፈለ። ከታክሲ ሹፌሩ መልስ አልቀበልም አለ። በሳምንቱ ፀጉር ቆራጩ በሰፈሩ ሁሉ ላይ ዋጋ ጨመረ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ አንዲት ቁልፍ ለማስተከል ግማሽ ቀን የሚከራከሩኝ ሰዎች ናቸው ደንበኞቼ። ደሜ ፈላ።

«ኧረ ተው፣ አንተ ትሄዳለህ፤ እኛ እዚሁ ነን» ብዬ ብመክረው፣

«እትዬ፣ እናንተ እኮ ገንዘብ ማውጣት አታውቁበትም» አለኝ። መቼ አግኝተነው ነው የምናውቅበት?

ይህንንም ዋጥ አደረግኩት። አንድ ቀን ግን ሱቄ ውስጥ ተቀምጦ ስልኩን ሲነካካ አከራዬ ቀሚስ ሊያሳጥሩ መጡ። ሱቅ ስላችሁ ሱቅ እንዳይመስላችሁ፤ ማሽኔና እኔ ከገባን ደንበኛ የሚለካው በር ላይ ቆሞ ነው። ወንድሜ «ይቺ ክፍል ስንት ናት?» አለኝ። በዓይኔ ጠቀስኩት። አከራዬ «ምን ያስደብቃል?» ብለው ራሳቸው ነገሩት።

መነዘረ። «ርካሽ እኮ ነው! እማማ፣ እዚያ በዚህ ሒሳብ መኪና እንኳ አንድ ቀን አያቆሙበትም።»

አከራዬ ቀሚሳቸውን አጣጥፈው ሄዱ። በማግስቱ ኪራዩ ሦስት እጥፍ ሆነ፣ አለዚያ ልቀቂ ተባልኩ። አሥራ አንድ ዓመት ልጆቼን ያሳደግኩበት በር ነው። ሦስት እጥፍ ከከፈልኩ የሚተርፈኝ ክሩ ብቻ ነው።

«ርካሽ ነው አላልክም? እንግዲያው ክፈለው!» ብዬ ጮኽኩበት።

ፊቱ ጠቆረ። «የለኝም» አለ። «እዚያ በአንድ ክፍል አራት ሆነን ነው የምናድረው። ይቺን የሦስት ሳምንት ወጪ ሁለት ዓመት ነው ያጠራቀምኳት። ፀጉሬን እንኳ በመስታወት እያየሁ ራሴው ነኝ የምቆርጠው።»

ልሳቅ ወይስ ላልቅስ? እጁን ይዤ «ና፣ ይህንኑ ለእሳቸው ንገራቸው» ብዬ አከራዬ ቤት ወሰድኩት።

ሁሉንም ዘረገፈው። ማስረጃ እንዲሆነው ብሎ ስልኩ ላይ ፎቶ አሳያቸው፦ ሁለት ተደራራቢ አልጋ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ የተሰጣ ካልሲ፣ መቆሚያ የሌለው ወለል። አከራዬ መነጽራቸውን አድርገው አዩና ከንፈራቸውን መጠጡ። «እኔን ልጄን!» አሉ። ልቤ መለስ አለ።

«ለመሆኑ ለዚህች አልጋ ስንት ትከፍላለህ?»

እግሩን ረገጥኩት። እሱ ግን ዋጋ ተጠይቆ ዝም ማለት መች ያውቃል! ተናገረ፤ ይባስ ብሎ በእኛ ገንዘብ መንዝሮ አስረዳቸው።

«ለአንድ አልጋ?» አሉ አከራዬ። «እኔ ሙሉ ክፍል አከራይቼ? አይ ሞኝነቴ!»

ሦስቱ እጥፍ እዚያው ቁጭ እንዳልን አራት ሆነ።

ሊሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው ሱቁን ለቀቅኩ። ማሽኔ ከነብረት ጠረጴዛው ከባድ ነው፤ ሸክም የሚያግዝ ሰው ልጠራ ስል ወንድሜ ጎንበስ አለና ብቻውን ብድግ አደረገው። በበሩ ሲያወጣው ግድግዳውን እንኳ አላስነካውም።

«ይሄን የት ተማርከው?» አልኩት።

«ሥራዬ እኮ ነው። እዚያ ቤት ለሚቀይር ሰው ዕቃ እሸከማለሁ።»

ስድስት ዓመት ሙሉ ለጎረቤቱ ሁሉ «ቢሮ ነው የሚሠራው» ስል ኖሬያለሁ። «በሰዓት ስንት ይከፍሉሃል?» ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። በራሴ አፈርኩና የማሽኑን ሌላ ጫፍ ያዝኩለት።