ኮረብታው ላይ የቀረው እጅ

ሰኞ የፀጉር ቤት ሠራተኛ የሚተኛበት ቀን ነው። እኔ ግን በዚያ ሰኞ ጠዋት፣ ሳምንቱን ሙሉ ቆሜ በሰው ራስ ላይ ስጎነበስ የሰነበተውን ወገቤን ይዤ፣ እትዬን በግራ ክንዷ ደግፌ ያን የማያልቅ ኮረብታ ስወጣ ነበር። እግሬ አብጧል። ደህና እንቅልፍ ካየሁ ሰንብቻለሁ። እውነቱን ልናገርና ለሥዕልም ደንታ አልነበረኝም።

እትዬ አክስቴ ናት። እናቴ ስትሞት፣ ገና ድክ ድክ ስል ወስዳ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ሳጠፋ የምትቆነጥጠኝም፣ ሲያተኩሰኝ ግንባሬን የምትዳብሰኝም በቀኝ እጇ ነበር። አሁን ያ እጅ በሻርፕ ተጠቅልሎ ደረቷ ላይ ተቀምጧል። የስኳር በሽታዋ ጣቶቿን አጥቁሯቸዋል። ሐኪሙ፣ "ከአንጓው ካልተቆረጠ ወደ ላይ ይወጣል፤ ያን ጊዜ የምናጣው እጁን ብቻ አይደለም" ብሎ ቁርጡን ነግሮናል። ቀጠሮው ረቡዕ ነው። እሷ ግን አልፈርምም ብላ ድርቅ አለች። ለመንኳት፤ አለቀስኩ፤ ጮኽኩ፤ ጎረቤት ሰብስቤ አስመከርኳት። ድንጋይ ላይ ውኃ ማፍሰስ ሆነብኝ።

ቅዳሜ ማምሻውን ከሥራ ገብቼ እግሬን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ነክሬ ስቀመጥ፣ "መጀመሪያ ኮረብታው ላይ ውሰጂኝ። እጄን ልየውና እፈርማለሁ" አለችኝ።

"እጅሽ እዚሁ አይደል እንዴ እትዬ?" አልኳት። ትኩሳት የጀመራት መስሎኝ ግንባሯን ልነካ ተነሣሁ።

"ቁጭ በይ አንቺ! አልቀወስኩም" ብላ ያን ዕለት፣ በዚህ ሁሉ ዓመት ትንፍሽ ያላለችውን ነገረችኝ።

ለካ እትዬ በልጅነቷ ከኮረብታው ግርጌ አንድ ላውንደሪ ውስጥ ካውያ ትመታ ነበር። ያን ጊዜ ኮረብታው ላይ የሚኖሩት ሠዓሊዎች ነበሩ፤ ውበቱን ብለው እንዳይመስላችሁ፣ ያን ዳገት ወጥቶ የሚከራይ ሌላ ሰው ስለጠፋ ክፍሉ ርካሽ ነበር። ሀብታም ሴቶች መልካቸውን ሊያስሥሉ ይመጣሉ። ለፊታቸው አንድ ሁለቴ ይቀመጣሉ፤ ለእጅ ሲባሉ ግን ማን ይታገሣል! ስለዚህ ሠዓሊዎቹ እጇ ያማረ ሠራተኛ ፈልገው በእመቤቲቱ ፈንታ ያስቀምጣሉ። "ፊቱ የከፋይ፣ እጁ የተከፋይ" እያሉ ይቀልዱም ነበር። እጇን ያዋሰች ሴት ታዲያ ለማንም አትናገርም፤ ደንቡ ነው። እትዬ ለባሏ እንኳ ሳትነግር ቀበረችው።

አንዱ ሠዓሊ ሸሚዙን ሊቀበል መጥቶ እጇን አየና ክረምቱን ሙሉ አስቀመጣት። በብርድ ክፍል ውስጥ፣ ቀኝ እጇን የወንበር መደገፊያ ላይ አድርጋ፣ ዝንብ ቢያርፍባትም ሳትነቃነቅ። አውራ ጣቷ ሥር ካውያ ያቃጠላት ጠባሳ አለ፤ ጥፍር ያህላል። ሰውየው ያየውን ነውና የሚሥለው፣ ጠባሳውንም ሣለው። እመቤቲቱ ስታይ እሳት ጎረሰች። "እኔ ካውያ ይዤ አውቃለሁ? አጥፋልኝ!" ብላ ጮኸችበት። እትዬ ከበር ውጭ ሆና ሰምታለች። ከዚያ በኋላ ግን ሥዕሉን አላየችውም፤ ዛሬ ሠዓሊው በኖረበት ቤት እንደተሰቀለ በወሬ ሰምታለች እንጂ።

"አጠፋው ይሆን አላጠፋው እንጃ" አለችኝ። "ጠባሳው ካለ፣ እጄ አንድ ቦታ ደህና ሆኖ ተቀምጧል ማለት ነው፤ ይቺኛዋን ይውሰዷት። ካጠፋው ግን ያ የእሷ እጅ ነው፣ የእኔ አይደለም። ያን ጊዜ ያለችኝ ይቺው ናትና ይዣት እሞታለሁ።"

ምን ይባላል? ደሜ ፈላ። ሰው ለአንዲት ጠባሳ ነፍሱን ያስይዛል? ደግሞ አንጀቴን በላችው። ይኸው ነው እንግዲህ ዳገት ለዳገት ያንከራተተኝ።

ኮረብታው ዛሬ ሠዓሊ የሚኖርበት አይደለም። ድንጋይ የተነጠፈበት ጠባብ መንገድ፣ ግራና ቀኝ ሱቅ፤ የቁልፍ መያዣ፣ ኮፍያ፣ ሥዕል የታተመበት ኩባያ። በየመታጠፊያው ካሜራ ያንጠለጠለ ጎብኚ ተኮልኩሎ መንገድ ይዘጋል። አደባባዩ ላይ አንድ ጎልማሳ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ ተከተለን።

"እማማ፣ መልክዎን ልሣልልዎት? አምስት ደቂቃ አይፈጅም!"

"በአምስት ደቂቃ ጥርሴንም አትጨርስ" አለችው እትዬ ዞር ሳትል።

"ጥርስዎማ ጥቂት ነው፣ ቶሎ ያልቃል!"

ልሰድበው አፌን ስከፍት እትዬ ሳቀች። ከወር ወዲህ ስትስቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው፤ ስድቤን ዋጥኩት። ደረጃው አንድ ዙር በወጣን ቁጥር ግን ትንፋሿ ይቆራረጣል። አንዱ ግድግዳ ሥር አረፍ እንላለን፤ እኔም ከእሷ ብሼ ቁና ቁና እተነፍሳለሁ። "አንቺ ነሽ ወይስ እኔ ነኝ በሽተኛዋ?" ትለኛለች።

የሠዓሊው ቤት ኮረብታው ጫፍ ላይ ነው። አሁን ሙዚየም ሆኗል። ደረስን፣ እጀታውን ብይዝ አይከፈትም። ቀና ብል በሩ ላይ ተጽፏል፦ ሰኞ ዝግ ነው።

ወይ እኔ! እኛ ፀጉር ቤት ሰኞ ስለምንዘጋ፣ ሰኞን ዓለም ሁሉ ለእኛ ብሎ የሚከፍተው መስሎኝ! ደውዬ አልጠየቅሁ፣ ማንንም አላማከርኩ። ማክሰኞ እኔ ሥራ፣ እሷ ምርመራ፤ ረቡዕ ቢላዋ። በሩን በቡጢ ደበደብኩት።

የጽዳት ባልዲ የያዘች ሴት ገርበብ አደረገችው። የሙዚየሙ ጥበቃ ናት፤ ሰኞ ሰኞ ታጸዳለች። ፀጉሯን ቤት ውስጥ በገዛ እጇ ቀለም ነክራው ከወደ ሥሩ ብርቱካን፣ ከወደ ጫፉ ጥቁር ሆኗል። በሌላ ቀን ቢሆን አዝንላት ነበር።

"ዝግ ነው እህቴ። ነገ ኑ።"

"ነገ አንችልም። ታማሚ ይዤ ነው፣ እባክሽ፣ አንዲት ሥዕል ብቻ..."

"ትዕዛዝ ነው። ወለሉም እርጥብ ነው።"

"ወለል ይበልጣል ወይስ ሰው? ልብ የለሽም እንዴ?" ብዬ ጮኽኩባት። በሩ ፊቴ ላይ ተዘጋ። ጩኸቴ ምን እንደጠቀመኝ እናንተ ፍረዱኝ። ወገቤን ይዤ ማልቀስ ጀመርኩ።

እትዬ ግን ሄዳ በሩ ፊት ያለው ደረጃ ላይ ተቀመጠች። ጀርባዋን አቀናች፣ አገጯን ትንሽ ቀና አደረገች፣ በሻርፕ የተጠቀለለውን እጅ ጉልበቷ ላይ አሳረፈች። ከዚያ በቃ፣ ቀጥ። ጎብኚዎች መጥተው አዩአት፤ አንዷ ፎቶ አነሣቻት፤ አልተንቀሳቀሰችም። ጥላው ከእግሯ ተነሥቶ ጉልበቷ ላይ ደረሰ። እኔ አሥር ጊዜ ተነሥቼ አሥር ጊዜ ተቀመጥኩ። "እትዬ፣ እንሂድ በቃ" አልኳት። ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም።

ጥበቃዋ በመስኮት ብቅ አለች። ተመለሰች። ደግማ ብቅ አለች። በመጨረሻ በሩን በርግዳ ወጣች።

"እማማ! ኧረ በፈጠረዎ ይነሡልኝ! ሞቱብኝ ብዬ ልቤ ቆመ እኮ!"

"አይዞሽ ልጄ" አለች እትዬ፣ ከአንገቷ ዝንፍ ሳትል። "ወለሉ እስኪደርቅልሽ ነው።"

ሴትዮዋ ትንሽ አፍጥጣ አየቻትና ሳቋ አመለጣት። "ጫማችሁን አራግፉ" አለችን።

ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ትልቅ መስኮት፣ ቀለም የጠገበ ወለል፣ አንድ የተሰበረ ወንበር በገመድ ተከልሎ። ሥዕሉ ከመስኮቱ ትይዩ ተሰቅሏል። አመሌ ነውና መጀመሪያ የእመቤቲቱን ፀጉር አየሁ፤ ጥሩ ተሠርቷል። ፊቷ ኩሩ ነው። ከዚያ ወረድ ብዬ እጁን አየሁት።

አወቅሁት። የሚቆነጥጠኝን፣ የሚዳብሰኝን እጅ ማን ይረሳዋል? ወጣት ነው፣ ምንም አልነካውም፤ ግን አቀማመጡ፣ ትንሿ ጣት ከሌሎቹ ፈንጠር ያለችበት፣ እሱ ራሱ ነው። ጠባሳውን ለማየት ግን ፈራሁ። እትዬም የፈራች ይመስለኛል፤ መሬት መሬት ታይ ነበር።

"ትታይ እንደሆነ እያት" አለችኝ በሹክሹክታ። "አውራ ጣቷ ሥር።"

ተጠጋሁ። ከቆዳው ቀለም ሥር፣ ውኃ ውስጥ እንደወደቀ ቅጠል፣ አንዲት ጠየም ያለች ምልክት አለች። ጥፍር ታህላለች።

"ያቺን ነጥብ ነው?" አለች ጥበቃዋ ከኋላችን። "እኔም ሥራ ስጀምር ቆሻሻ መስላኝ ልጠርጋት ስል ጮኹብኝ። አንዴ ተቀብታ ጠፍታ ነበር አሉ። ቀለም ሲያረጅ ይሳሳል፣ ከሥር የተሸፈነው እየወጣ ይመጣል። እኔ ካየኋት ወዲህ እንኳ ጎልታለች።"

እትዬ ቀና አለች። ብዙ አየች። ከዚያ ሻርፑን በግራ እጇና በጥርሷ ፈታችው። የጠቆሩት ጣቶች ወጡ፤ ከእነሱ ሥር፣ አውራ ጣቷ አጠገብ፣ ያቺው ጠባሳ። እጇን አንሥታ ከሥዕሉ ትይዩ ያዘችው። ጥበቃዋ አየችው። አንዴ ሥዕሉን፣ አንዴ እጁን አየች። ባልዲዋን አንሥታ ወጣችና በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችልን።

"አጥፍቶት ነበር" አለች እትዬ። "አልጠፋም እንጂ።"

"አልጠፋም እትዬ።"

"በይ እንግዲህ። ይቁረጡት።"

ስንት ቀን እሺ በይ እያልኩ ደጅ የጠናሁት እኔ፣ እሺ ስትለኝ እምቢ በይ ማለት አማረኝ። ያ እጅ ያሳደገኝ እጅ ነው። እሷ ሌላ አላት፣ ግድግዳ ላይ፣ ደህና ሆኖ። እኔ ግን ሌላ የለኝም። ይህን ልነግራት ብፈልግም እዚያው ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

"ኧረ እፈሪ፣ የሰው ወለል ታረጥቢያለሽ" አለችኝ። በዚያው በጠቆረ እጇ፣ በጀርባው በኩል፣ ጉንጬን ጠረገችልኝ።

ስንወጣ ሻርፑን ቦርሳዬ ውስጥ ከተተችው፤ መልሳ አልጠቀለለችውም። ቁልቁለቱ ላይ ግራ ክንዷን ልይዝ ስል ቀኟን ዘረጋችልኝ። ክንዷን ከአንጓው ከፍ አድርጌ፣ እንዳያማት ቀስ ብዬ ያዝኳት።

"ረቡዕ በጊዜ ቀስቅሺኝ" አለችኝ። "ለእነሱማ አልቸገርም። አትንቀሳቀሺ ነው የሚሉኝ አይደል?"