ሜሞሪ የሌለው ሰርቨር

ማን እንደሰደበው ደምመላሽ አይረሳም። አሠሪው ሙጠሊብ ነው። ቀኑንም አይረሳም፤ የዛሬ ሦስት ዓመት፣ አረፋ በዋለ በማግስቱ፣ ምሳ ተነስቶ ጫቱ ከመቅረቡ በፊት። ቦታው ጅቡቲ፣ ካርቲዬ ሁለት የሚባለው ሰፈር፣ የነሙጠሊብ ቤት፣ ሰማያዊ ምንጣፍ የተነጠፈበት ሳሎን። ሙጠሊብ ከመስኮቱ ሥር ትራስ ተደግፎ ነበር፤ ወንድሙ ዘይድ ከጎኑ፤ እህታቸው ነጃት በሩ አጠገብ ብርቱካን ትልጥ ነበር። ደምመላሽ የመኪናውን ቁልፍ ሊያስረክብ መጥቶ አንድ ጫማውን አውልቆ ሌላውን ሳያወልቅ ቆሟል። ነጃት የያዘችው ብርቱካን ልጣጩ ሳይበጠስ እንደ ገመድ ተንጠልጥሎ እንደነበር ሳይቀር ያስታውሳል።

ወንድማማቾቹ ስለ ሰርቨር ይከራከሩ ነበር። የንግዱ ወረቀት፣ የሟች አባታቸው ፎቶ፣ የሠርግ ቪዲዮ በየስልኩና በየኮምፒዩተሩ ስለተበታተነ፣ ሁሉን ባንድ ላይ የሚያከማች ዕቃ ለቤታቸው ሊገዙ ፈልገዋል። ይህን ግን ደምመላሽ አልሰማም። እሱ የደረሰው ዘይድ «ለቤት ስለሆነ ትንሹ ይበቃናል» ሲል፣ ሙጠሊብ «ትንሹ አይችልም፣ ሥራ ይበዛበታል» ሲል ነው። ጅቡቲ አሥራ አንድ ዓመት የኖረ ሰው ደግሞ ሰርቨር ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ካፌ የሚቀመጡት ፈረንሳዮች አስተናጋጁን የሚጠሩት በዚሁ ስም ነው።

«አንተስ ምን ትላለህ?» አለው ሙጠሊብ ዞር ብሎ። «ሰርቨሩን ከዱባይ እናስመጣ ወይስ እዚሁ እንፈልግ?»

ምክር ተጠየቀ። በስንት ዘመኑ! ደምመላሽ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ከዱባይ ምን አደከማችሁ?» አለ። «እዚሁ ቋንቋ የሚያውቅ ሞልቶ የለም እንዴ! ሴት ብትሆን ደግሞ ደግ ነው፤ ለእናታችሁ ለሐጃም ታግዛለች። ብቻ ማደሪያዋን ቀድማችሁ አዘጋጁ፤ ዋስም ይኑራት።»

እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ዘይድ ምንጣፉ ላይ ተንከባለለ። ሙጠሊብ እንባውን እየጠረገ ያችን ቃል አወጣት፤

«ወላሂ ሌላ ምን እንፈልጋለን! አንተው ራስህ ሰርቨር ነህ። ችግሩ ሜሞሪ የለህም!»

ነጃትም ሳቀች። ብርቱካኑ ከእጇ ወደቀ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። በሳምንቱ የወደቡ በር ዘበኞች «ሰርቨር መጣ» ይሉት ጀመር። ናጋድ ባቡር ጣቢያ ዕቃ የሚያወርዱት ሶማሌዎች ከአማርኛ ምንም ሳያውቁ ይህን ቀልድ አወቁ። ከአገር የሚመጡት የተሳቢ ሾፌሮችማ፣ የገዛ ወገኖቹ፣ አንገታቸውን ከጋቢና አውጥተው «ሰርቨር! ዛሬ ኔትወርክ አለ?» እያሉት ያልፋሉ። እሱም እኮ በዘመኑ ተሳቢ ነድቷል። ወገቡ እንቢ ብሎት ነው እዚህ ከተማ ቀርቶ ለሙጠሊብ የትራንዚት ቢሮ በፒክአፕ ወረቀትና ሰው የሚያመላልሰው።

ስሙን ያወጡለት አያቱ ናቸው። አጎቱ በሰው እጅ በሞተ በዓመቱ ስለተወለደ ደምመላሽ አሉት። ደም ቀርቶ ቃል እንኳ መልሶ አያውቅም። አራተኛ ክፍል እያለ መምህሩ ደብተሩን ለተማሪ ሁሉ እያሳየ «ይህ የዶሮ ጭረት ነው» ሲል ዝም አለ፤ ትምህርቱንም በዚያው ተወ። ዝም ያለው ሁሉ ግን የትም አልሄደም። ሆዱ ውስጥ በየቀኑ፣ በየሰዓቱ፣ በየስሙ ተደርድሯል።

በጅቡቲ በስሙ የሚጠራው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አበባው። ዕድሜው ወደ ሠላሳ የሚጠጋ የቢሮው ሌላ ሾፌር፣ የደሴ ልጅ። «ጋሽ ደምመላሽ» ይለዋል፣ በአንቱታ።

ባለፈው ሳምንት ዘጠኝ ዓመት የነዳት ነጯ ፒክአፕ ከሃያብለ ሰፈር ስትወርድ ካምቢዮዋ ተበላሽቶ ቀጥ አለች። ሞተች። ሙጠሊብ ቢሮ አስጠራው።

«መኪና ሻጩ ባሺር ጋ ከመርከብ የወረዱ ሦስት ፒክአፖች አሉ» አለው። «ሂድና አወዳድራቸው። ሐሙስ እመጣለሁ፤ አንተ ያልከውን ነው የምገዛው።»

አንተ አለው። እንደ ሙጠሊብ ያለ የድሬዳዋ ሰው አንቱ አያውቅም፣ አባቱንም አንተ ነው የሚለው፤ ደምመላሽ ይህን ያውቃል። ቢያውቅም በአሥራ ሁለት ዓመት ከሚያንሰው ሰው አፍ ሲወጣ ይቆጠቁጠዋል። የዚያን ቀን ግን «አንተ ያልከውን» የምትለዋ ነገር ሕመሙን ዋጠችው። ሐሙስ ዕለት፣ ሰው ሁሉ በቆመበት፣ የሚያውቀውን ይናገራል። ሙጠሊብ «ልክ ነህ ደምመላሽ» ይለዋል። የአዲሷም ፒክአፕ ቁልፍ እጁ ይገባል። ከዚህ የበለጠ ከዚህ ከተማ የሚፈልገው ነገር አልነበረም።

አንድ የሉክ ደብተር ገዛ። ሦስት ቀን ከባሺር ግቢ አልጠፋም። ባሺር ከግቢው መሐል ጀርባው በላሸቀ ወንበር ላይ ተቀምጦ እየሳቀ ያየዋል፤ እሱ ግን አስፋልቱ ላይ በጀርባው ተኝቶ ከመኪናዎቹ ሥር ይገባል።

አንደኛው ግራጫ ነው፤ ሲንግል ጋቢና፣ ናፍጣ። በሩ ተጨፍልቋል፣ ወንበሩ ተቀዷል፣ ሬዲዮ የለውም። ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን ሲያዳምጥ ግን እንደ ደህና ሰው ልብ ትክ ትክ ይላል። ባሌስትራው ጠንካራ፣ ሻንሲው ንጹሕ ነው። ሁለተኛው ቀይ፣ ደብል ጋቢና፣ ቤንዚን፤ ደህና መኪና ሆኖ ሳለ ከሃያብለ እስከ ወደቡ ለመመላለስ እንኳ ነዳጅ ጨራሽ ነው፣ መለዋወጫውም እዚህ አይገኝም። ሦስተኛው ጥቁር ነው። ደብል ጋቢና፣ የቆዳ ወንበር፣ የኋላ ካሜራ፤ እንደ መስታወት ፊት ያሳያል።

ጥቁሩ ላይ ግማሽ ቀን ፈጀ። እግር ሥር ያለውን ምንጣፍ ገለጠ፤ አዲስ ነው፣ ከሥሩ ያለው ስፖንጅ ግን የታፈነ ሽታ አለው። የወንበሩ ሐዲድ ዝጓል። የኋላ መብራቱ ውስጥ፣ ከመስታወቱ በስተጀርባ፣ ቀጭን ቡናማ መስመር ተሰምሯል፤ ውሃ እዚያ ድረስ ሞልቶ እንደነበር የሚናገር መስመር። ጅቡቲ ውስጥ የባሕር ነፋስ የማይበላው ብረት የለም። ነፋስ የሚበላው ግን ከውጭ ነው። ይኸኛው ከውስጥ ነው የተበላው። የፍሬኑን ቱቦ በአውራ ጣቱ ጥፍር ሲፍቀው እንደ ቅርፊት ተነሳ። ብሎኑ ላይ ያለውን ነጭ ዱቄት በጣቱ ነክቶ ምላሱ ላይ አደረገው።

ጨው። ባሕር ውስጥ ጠልቆ የወጣ መኪና ነው። ሜዳ ላይ ወር ሁለት ወር ይሄድ ይሆናል። ወደ ድሬዳዋ ሲሄዱ ከአርታ ወዲያ ያለው ቁልቁለት ላይ ግን፣ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ያ ቱቦ...

ደብተሩ ላይ ለመጀመሪያው አንድ ገጽ፣ ለሁለተኛው ግማሽ ገጽ ጻፈ። ለሦስተኛው አንድ ቃል ብቻ ጻፈና ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

ሐሙስ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ሙጠሊብ ነጃትንና አበባውን ይዞ መጣ። ፀሐይዋ የመኪናዎቹን ጣሪያ ምጣድ አድርጋዋለች። ደምመላሽ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሷል። ደብተሩን ከፈተና እያንዳንዱን ፊደል በጣቱ እየተከተለ ማንበብ ጀመረ።

«አንደኛ። ግ-ራ-ጫው። ሻንሲው...»

«ያ አላህ!» አለ ሙጠሊብ፣ አንገቱን አስግጎ ደብተሩን እያየ። «ነጃት፣ ነይ እዪ! ሰርቨራችን ፋይል ከፈተ!»

«ቀስ በለው» አለች ነጃት እየሳቀች፤ «ብታጣድፈው ይዘጋብናል።»

ባሺርም የተባለው ሳይገባው ሳቀ፤ የሳቀ ደንበኛ ይገዛል። ደምመላሽ ቀና ብሎ አበባውን ፈለገ። አበባው መሬት መሬት እያየ ነበር። ከንፈሩ ግን ተንቀሳቀሰ። ትንሽ ነው የሳቀው፣ ለአሠሪው ብሎ ይሆናል። ቢሆንም ሳቀ።

«በል ዝርዝሩን ተወው» አለ ሙጠሊብ፣ ጥቁሩን መኪና በመዳፉ መታ መታ እያደረገ። «እኔ ይኼን ወድጄዋለሁ። ማክሰኞ አበባው ነጃትን ይዞ ድሬ ይሄዳል፣ ሠርግ አለብን። ከዚያ በኋላም እሱ ይያዘው።»

«እሱ?» አለ ደምመላሽ።

«አንተማ ወገብህም ዓይንህም ደክሟል፣ ለምን እንዋሻለን? አላባርርህም፣ አትፍራ። ቢሮ ትሆናለህ። ጥላ ሥር፣ ኤሲ አለ። እንግዳ ሲመጣ ሻይ ታቀርባለህ፣ ውሃ ታቀርባለህ...»

ነጃት አፏን በሻርፗ ያዘች። «ሙጠሊብ!» አለች፤ «ይኸው በመጨረሻ ሰርቨር አገኘን እኮ! ከዱባይ ሳናስመጣ!»

ሙጠሊብ ራሱ ሳያስበው ነበር የተናገረው። ሲገባው ጥቁሩ መኪና ላይ ተደፍቶ ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ ዓይኑን እየጠረገ፣ ያለ ክፋት፣ ጠየቀው።

«እሺ አሁን በቁም ነገር። አንተ ታውቃለህ። ጥቁሩ ደህና ነው አይደል?»

ሁሉም አዩት። ቃሏ ምላሱ ላይ ነበረች። ሦስት ቀን ያዘላት፣ ለዚህች ሰዓት ያስቀመጣት አንዲት ቃል። ቢተፋት የሚያተርፈው የሻይ ትሪ ነው።

ደብተሩን ዘጋ። አጥፎ ኪሱ ከተተው። ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ግቢው በር ሄደ።

«ተቆጣ እንዴ?» አለች ነጃት ከኋላው።

«ተዪው፣ ይመለሳል» አለ ሙጠሊብ። «ዝም ማለት መስማማት ነው። ባሺር፣ ቁልፉን አምጣ።»

ደምመላሽ በሩን አልፎ የሃያብለን መንገድ ሲይዝ የሩጫ ኮቴ ሰማ። አበባው ነው። ቁልፉን በእጁ ይዟል፤ ይቅጨለጨላል።

«ጋሽ ደምመላሽ! አይቀየሙኝ፣ በእናትዎ። የሳቅሁት ለእነሱ ብዬ ነው።» አጠገቡ ደርሶ እኩል ይራመድ ጀመር። «መኪናው ነገር አለው አይደል? ፊትዎ ላይ አየሁት። ደብተሩ ላይ ምን ጻፉ? እኔ ነኝ እኮ የምነዳው፣ ጋሽ ደምመላሽ። ለእኔ ይንገሩኝ።»

ሐሙስ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል። የባሺር ግቢ፣ ከጥቁሩ መኪና በስተግራ። አበባው ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሶ ነበር፤ መሬት መሬት እያየ ነበር የሳቀው። ይህም ሁሉ ሆዱ ውስጥ በየቦታው ተቀመጠ።

ደምመላሽ ርምጃውን አልቀነሰም። አፉን ጨው ጨው አለው፤ ዋጠው። አቧራ ያስነሳ ሚኒባስ በአጠገባቸው አለፈ። አቧራው ሲገለጥ አበባው መንገዱ ዳር ቀርቶ፣ ቁልፉን እንደያዘ፣ አሁንም በስሙ ይጠራዋል።

ደምመላሽ አልመለሰለትም።