በሰው ጥፋት ድንጋይ መሸከም

ባልሠራሁት ጥፋት ድንጋይ ተሸክሜ በመንደሩ ሁሉ ፊት ይቅርታ ጠይቄያለሁ። ይህ ነገር ስንት ዓመት ሙሉ ስበላም ስተኛም አብሮኝ ኖሯል።

ኢሕአዴግ በገባ በዓመቱ፣ ኅዳር ላይ፣ ቢቸና አጠገብ ባለው መንደራችን አውድማ ላይ የተከመረ የሦስት ቤት ጤፍ ነደደ። አንዱ ክምር የእኔው ነው፤ ባሌ ከሞተ ወዲህ በስንት ልመና ያሳጨድኩት። ቀበሌው አውጫጭኝ ጠራ። አጥፊው ሳይወጣ ወደ ቤቱ የሚገባ የለም ተብሎ መንደሩ በሙሉ ዋርካ ሥር ተቀመጠ። ላሙ ሳይታለብ፣ ልጁ ሳይበላ ዋለ። ሰው ሲርበው ደግሞ አጥፊ ለማግኘት ይቸኩላል። ይኼኔ ድንበርተኛዬ ስጦታው ተነሣና መስቀል ጨብጦ፣ «ፈንታነሽ በገል ፍም ይዛ በአውድማው ስታልፍ አይቻለሁ» ብሎ ማለ።

ማለፌ እውነት ነው። ከጎረቤቴ ከይርጋነሽ ቤት እሳት ጭሬ እየተመለስኩ ነበር። አንድም ፍም አልጣልኩም ብል ማን ይስማኝ! «ነፋስ ሲወስደው አላየሽው ይሆናል» አሉኝ። እየዋለ ሲያድር እኔም ተጠራጠርኩ። ገሉ በሕልሜ ይመጣል፤ እውነት አንዲት ፍም ጎድላ ይሆን እላለሁ። የገዛ ልቤ ከቀበሌው ጋር ወገነብኝ። ሽማግሌው አያ ኃይለ ጊዮርጊስ ድንጋይ መረጡልኝ፤ ቀላሉን አልመረጡም። አንገቴ ላይ ጭኜ ተንበርክኬ፣ «ማሩኝ» አልኩ። ማሩኝ።

ምሕረቱ እንዲህ ያለ ነበር። ስሜ ክብሪት ሆነ። እሳት ልጭር ብቅ ስል ሴቶቹ ምድጃቸውን ያዳፍናሉ። ልጄን ወለተ ኢየሱስን ያጯት ሰዎች፣ «ቤት ከምታነድ ሴት ጋር አንዛመድም» ብለው ቀሩ። ስጦታው ግን ሞጣ ወርዶ ሱቅ ከፈተ፤ ወፈረ፤ ሰው የሚያስታርቅ ሽማግሌ ሆነ።

በሚሌኒየሙ ዓመት፣ ታኅሣሥ ላይ፣ ቢቸና ገበያ ሽንኩርት ዘርግቼ እንደተቀመጥኩ መጣ። ሽንኩርት እንደሚመርጥ ሰው ጎንበስ ብሎ፣

«እታለም፣ ያን ክምር ያቃጠልኩት እኔ ነኝ» አለኝ።

ለካስ አውድማው አጠገብ ማር ሲቆርጥ ያጨሰበትን ኩበት ሳያጠፋ ጥሎት ሄዶ ኖሯል።

«ጥር ላይ ከባለቤቴ ከወይንእሸት ጋር ልንቆርብ ነው። ነፍስ አባቴ ደግሞ የበደልካት ሴት ይቅር ሳትልህ አላቆርብህም አሉኝ።»

«ታዲያ ለምን በሐሰት ማልክብኝ?»

«በሐሰትማ አልማልኩም! ስታልፍ አይቻለሁ አልኩ እንጂ አቃጠለች አልኩ?»

«እሺ፣ አሁን በሰው ፊት ተናገራ።»

«ኧረ በማርያም! ስሜስ? እዚሁ ይቅር በይኝና እንለያይ። አንቺ እንደሁ ለምደሽዋል።»

ለምደሽዋል አለኝ! ሽንኩርቴን ሰብስቤ በቀጥታ ዓቃቤ ሕግ ዘንድ ሄድኩ። ልጅ እግር ነው፤ ትሑት ነው። ሁሉን ከሰማኝ በኋላ፣ «እማማ፣ ጊዜው አልፏል፤ ሕጉ አሁን አይከሰውም» አለኝ።

«እኔስ? የኔ ጥፋት ጊዜው አላለፈም?»

«እርስዎማ መቼም ተከሰው አያውቁም። በሕግ ፊት ንጹሕ ነዎት።»

«እሰይ! ይኸንኑ ጽፈህ ማኅተም ምታልኝ።»

«ላልተከሰሰ ሰው ነፃ ነው ተብሎ አይጻፍም። ያኔ ተከሰው ቢሆን ኖሮ ጥሩ ነበር።»

ሳልከሰስ በመቅረቴ እንዲህ የምቆጭ አልመሰለኝም ነበር። ወደ አያ ኃይለ ጊዮርጊስ ሄድኩ።

«እርቅ የወረደበትን ነገር አንቆፍርም» አሉኝ። «ድንጋዩን አውርደሽ የለም እንዴ?»

«የእርሱን ድንጋይ እኮ ነው የተሸከምኩት!»

«ማንም ይሸከመው ማን፣ ዋናው መውረዱ ነው። አሁን ደግሞ ስጦታው ትልቅ ሰው ሆኗል፤ ድንጋይ ቢሸከም አያምርበትም።»

የቀረኝ ነፍስ አባቴ መምሬ አካለ ወልድ ነበሩ።

«ልጄ፣ እርሱ ተናዟል፤ ንስሐም ገብቷል። አንቺ ይቅር ካላልሽ ግን በደሉ ወዳንቺ ይዞራል።»

«ደግሞ ወደኔ?»

«ቃሉ ነው፣ ልጄ።»

ሳስበው ዋልኩ። ስጦታውን ሕጉ ለቆታል፣ ሽማግሌው ሸፍኖታል፣ ቄሱ ሊያቆርበው ነው፤ እንቅልፉንም ቢሆን ያጣ አይመስልም፣ ጉንጩ ሞልቷል። በዚያ እሳት ጥፋተኛ ሆና የቀረች እኔ ብቻ ነኝ። ይቅርታዬን ከፈለገው ግን ይቅርታው የኔ ነው፤ የት ቆሜ እንደምሰጠው የምመርጠው እኔ ነኝ። መምሬ አካለ ወልድን፣ «ሞጣ ድረስ ሄጄ ይቅር እለዋለሁ፤ ንገሩልኝ» አልኳቸው። ደስ አላቸው፤ ባረኩኝ። ስጦታውም ደስ ብሎት መኪናውን ላከልኝ።

በቁርባኑ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ ሞጣ ግቢው ውስጥ ዳስ ተጥሎ ሰው ጢም ብሏል። የመንደራችን ሰው ሁሉ ተጠርቷል፤ አያ ኃይለ ጊዮርጊስ ከፊት ተቀምጠዋል። ስጦታው ሮጦ ተቀበለኝና ወደ ጓዳ ሊያስገባኝ ክንዴን ያዘ። «እዚህ ጸጥ ይላል፣ እታለም።» ክንዴን አስለቀቅሁና ዳሱ መካከል ቆምኩ።

«ወገኖቼ፣ አንድ ጊዜ ስሙኝ። ስጦታውን ይቅር ለማለት ነው የመጣሁ።»

ሴቶቹ ይቅር የሚለውን ሲሰሙ እልልታውን አቀለጡት። እስኪጨርሱ ጠበቅሁ።

«ስጦታው፣ ማር ስትቆርጥ ያጨስክበትን እሳት ሳታጠፋ ጥለህ የሦስት ቤት ክምር ስላነደድክ ይቅር ብዬሃለሁ። ያነደድከው አንተ መሆንህን እያወቅህ መስቀል ጨብጠህ በእኔ ላይ ስለማልክ ይቅር ብዬሃለሁ። የአንተን ድንጋይ ስላሸከምከኝ፣ ልጄን ሳትዳር ስላስቀረሃት፣ እስከ ዛሬም ዝም ስላልክ፣ ሁሉንም ይቅር ብዬሃለሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ።»

እልል የሚል ጠፋ። አያ ኃይለ ጊዮርጊስ የያዙትን ዋንጫ አስቀመጡ። ወይንእሸት ባሏን አየችው፤ ለእርሷም አዲስ ወሬ ሳይሆን አልቀረም። የስጦታው ነፍስ አባት ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «በል እንጂ ስጦታው፣ ይቅርታውን ተቀበል። አሜን በል» አሉት። ሐሰት ነው እንዳይል ለእርሳቸው ተናዟል፤ ቁርባኑ ደግሞ ነገ ነው።

«አሜን» አለ፣ ወደ መሬት እያየ።

«ከወደ በሩ ያሉት አልሰሙህም» አልኩት።

«አሜን!»

ለእንግዶቹ ምግብ ይቀርብ ነበር። ተቀምጬ በላሁ።