ፌብሯሪ ሠላሳ

ስህተቱን ያየሁት ወይዘሮ ሆስቴተር ጣታቸውን የትምህርት መዝገቡ ላይ ካሳረፉ በኋላ ነው። «ፌብሯሪ 30፣ ሒሳብ፣ እንቁላል ቆጠርን» ይላል። ጽሑፉ የእኔ ነው።

ወይዘሮ ሆስቴተር ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። በየዓመቱ ጁን መጨረሻ ላይ እየመጡ ቤት ውስጥ የማስተምራቸውን ሁለት ልጆቼን ይመዝናሉ። መቶ ሰማንያ ቀን መማራቸውን ካረጋገጡ ደብዳቤ ይፈርሙልኛል። ደብዳቤው ከሌለ ልጆቹ ሴፕቴምበር ላይ በቢጫው አውቶቡስ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፤ ሰፈሩም «ከሁለተኛ ደረጃ ያላለፈች ሴት ላስተምር ስትል ውጤቱ ይኸው» ይላል። ይህን ሳስብ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም።

«ሩፈስ፣» አሉት የስድስት ዓመቱን ልጄን፣ «ፌብሯሪ ሠላሳ ምን ተማርክ?»

«ምንም። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።»

«ፌብሯሪ ሃያ ስምንት ላይ እንደሚያልቅ እኮ ኦክቶበር ላይ ነግሬያታለሁ፣» አለች ታቢታ። ስምንት ዓመቷ ነው። «እሺ አለችኝ። እማ እሺ ካለች አልሰማችም ማለት ነው።»

«አንቺ ልጅ!» አልኳት።

ወይዘሮ ሆስቴተር አልሳቁም። «እንግዲህ መቶ ሰባ ዘጠኝ ቀን ነው። ዛሬ ደግሞ የዓመቱ መጨረሻ። ዛሬስ ምን ተማራችሁ?»

«እርስዎ ይመጣሉ ተብሎ ቤት ስናጸዳ ዋልን፣» አለ ሩፈስ። «አልጋ ሥር እንዳያዩ።»

ወይዘሮ ሆስቴተር ደብዳቤውን ፈርመው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «አሁን ዘጠኝ ሰዓት ነው። አምስት ሰዓት አስተምሪያቸውና ነገ ለወረዳው ትምህርት ቢሮ አስገቢው። ካላስተማርሽ ቅደጂው። አንቺን አምንሻለሁ።»

ባያምኑኝ ይሻለኝ ነበር።

መኪናቸው ከግቢ ሳይወጣ ልጆቹ በእጃቸው መውደቄ ገባቸው። ሐብሐብ ካልበላን አንማርም አሉ። ፍሬውን ከበረንዳው እየተፉ ርቀቱን በሜትር ለኩ፤ «ልኬት፣ አርባ ደቂቃ» ብዬ ጻፍኩ። የውሻውን ጥፍር በቀይ ቀለም ቀቡ፤ «ሥነ ጥበብ።» ውሻውን ሲያሳድዱ ስፖርት ሆነ፤ ሲያጥቡት ሳይንስ። ሁለት መጽሐፍ ያነበቡልኝ ጠረጴዛ ሥር ተኝተው ነው። እኔም ከሥር ነበርኩ።

ከምሽቱ አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ ሁለቱም አልጋቸው ላይ ተዘረጉ።

«ሃያ ደቂቃ ብቻ ቀረን፣» አልኩ።

«ሰለቸን፣» አለ ሩፈስ።

«አይስክሬም እሰጣችኋለሁ።»

«ጉቦ፣» አለች ታቢታ። «አይ፣ እኛ እናስተምርሽ። የሚያስተምር ሰው ይማራል ብለሽን የለ? ጨብጪ እጅሽን።»

ጨበጥኩ። የእጄን አንጓዎች በጣቷ እየነካች ወራቱን አስቆጠረችኝ። አንጓው ላይ ያረፈው ወር ሠላሳ አንድ ነው፤ በመሃል ያለው ጎድጓዳ ያንሳል። ኦገስትን ጎድጓዳው ላይ አሳርፌ ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። ሩፈስ ትራሱን ነክሶ ሳቀብኝ።

«ፌብሯሪስ?» አለኝ።

«ጎድጓዳ። ሃያ ስምንት፣ በአራት ዓመት አንዴ ሃያ ዘጠኝ።»

«ጎበዝ። ስታተኩሪ ትችያለሽ፣» አለኝ፣ ልክ እኔ እንደምለው አድርጎ።

ሁለት ሰዓት ሞላ። መቶ ሰማንያ ብዬ ጻፍኩና ደብዳቤውን ፖስታ ውስጥ ከተትኩ። ከዚያ ወደ በሩ ሄድኩ። ማታ ማታ ቆልፌ ሦስት ጊዜ ካልፈተሽኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።

«እማ፣» አለች ታቢታ ከአልጋዋ። «የቤት ሥራሽ ነው። ዛሬ አንዴ ብቻ።»

ቁልፉን አንዴ አዞርኩና እጄን አነሳሁ።