ማንም ሳይነካው የበራው ሳጥን

እንቁ አንሶላውን ገፍፋ ልታጥብ ወደ ልጇ ክፍል ስትገባ ጊታሩ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ክፍሉ ውስጥ ሰው የለም። ወለሉ ላይ፣ ከጊታሩ በወጣው ገመድ ጫፍ፣ ሃኒ ሰሞኑን ስትበይደው የሰነበተችው የብረት ሳጥን ተቀምጧል። በሳጥኑ ፊት የተደረደሩት ጥቃቅን መብራቶች ጠፍተው ነበር። እንቁ ትራሱን አንስታ ዞር ከማለቷ አረንጓዴዎቹ ተከታትለው በሩ። ከዚያ ቢጫዎቹ። ጫፍ ላይ ያለችው ቀይ ብልጭ አለችና ሁሉም እንደ አመጣጣቸው ጠፉ።

"በስመ አብ!" ብላ ትራሱን ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እንቁ ግን እባቡንም ሳታይ በልጡ የምትበረግግ ሴት ናት። ባሏ ኪዳነወልድ ከሞጆ ደረቅ ወደብ ጅቡቲ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ስልኩን ካላነሳ ገደል ገብቷል፣ ካነሳ ደግሞ ድምፁ ታሟል። ያለቻት ልጅ አንድ ሃኒ ናት። ሃኒ ደግሞ ያለ ፍርሃት የተፈጠረች ነው የምትመስለው። ኤሌክትሮኒክስ ተማረች። ሠርግ ላይና ሆቴል ውስጥ ጊታር ትጫወታለች። ከተበላሸ ቴፕና ሬዲዮ የነቀለችውን ዕቃ እየበየደች፣ ጊታረኞች በእግራቸው እየረገጡ የጊታሩን ድምፅ የሚለዋውጡበትን ፔዳል ትሠራለች። እንቁን እንቅልፍ የነሳት ይኸው ነው። "አንድ ቀን ኤሌክትሪክ ልጄን ይወስድብኛል" ትላለች፣ ለሰማትም ላልሰማትም።

አዲሱ የፔዳል ሳጥን ላይ ያሉት መብራቶች ደግሞ ሰሞኑን የመጡ ናቸው።

"የድሮ ቴፕ ላይ ሙዚቃው ሲጮህ የሚዘሉት መብራቶች ትዝ አይሉሽም እማ?" ብላት ነበር ሃኒ። "እነሱ ናቸው። ድምፁ ሲበረታ ከፍ ይላሉ፣ ሲደክም ይወርዳሉ። መድረክ ላይ ከበሮው ያደነቁርሻል፤ የራስሽ ጊታር ምን ያህል እንደጮኸ አትሰሚም። በዓይንሽ ታይዋለሽ። ቀይዋ ከበራች በዛ ማለት ነው።"

"ካልመታሽውስ?"

"ካልመታሁትማ ምን ያበራዋል?"

አሁን ማንም አልመታውም። ውጭ የኅዳር ነፋስ የአዳማን አቧራ እየጠረገ ይነጉዳል። ጣሪያው ተንኳኳ፤ መብራቶቹ ደግመው ወጡ፣ ቀይዋ ጋ ደረሱና ወረዱ። እንቁ አንሶላውንም ትራሱንም ጥላ ወጣች።

ግቢው ውስጥ፣ ሌላዋ ተከራይ ፎዚያ የልጆቿን ልብስ ታሻለች።

"ምነው? ፊትሽ አመድ መሰለ።"

"የሃኒ ሳጥን ብቻውን ይጫወታል።"

"ምን ይጫወታል?"

"ድምፅ የለውም። መብራቱ ነው እንጂ የሚወጣ የሚወርደው። ሰው የለም፣ እጅ የለም።"

ፎዚያ አረፋ የለበሰ እጇን ዳሌዋ ላይ አድርጋ ሳቀች። "ጂን ነዋ! ከሠርግ ተከትሏት መጥቶ ይሆናል። ሳይበላ መጥቶ ከሆነ ምሳ አቅርቢለት።"

"አትቀልጂ ፎዚያ።"

"እኔ ምን አውቄ። እናንተ ጸበል አላችሁ አይደል?"

ፎዚያ ይህን ያለችው ልታስቃት ነበር። እንቁ ግን የቸገራት ሰው ናትና ቃሉን እንደ መድኃኒት ተቀበለችው። ከራስጌዋ የጸበሉን ጠርሙስ አምጥታ፣ ከደጃፉ ቆማ፣ ክፍሉን ረጨች። ሳጥኑን ረጨች፣ ጊታሩን ረጨች፣ ወለሉን አረጠበች። "ከልጄ ላይ ውረድ! የመጣህበትን መንገድ ያዝ!" እያለች ስትረጭ ነፋሱ ጣሪያውን ያዘውና ቆርቆሮው ተንቀጫቀጨ። መብራቶቹ እስከ ቀይዋ ወጥተው እዚያው ቆሙ። አልወርድ አሉ።

ጸበል የነካው ርኩስ መንፈስ የባሰ ይጮኻል ሲባል ሰምታለች። ይህኛው አፍ ስለሌለው በመብራት የጮኸ መሰላት።

ሃኒ ስትመጣ ጉቱ አብሯት ነበር። ጉቱ የባንዱ ቤዝ ተጫዋች ነው፤ ነገ ሻሸመኔ ላለባቸው ሠርግ ፔዳሉን ሊሞክር ነው የመጣው።

"አካም ጅርቱ አዴ እንቁ? ሰላም ነዎት?"

እንቁ ሰላምታውን አልመለሰችም። የልጇ ክፍል ደጃፍ ላይ እጇን ዘርግታ ቆመች። "አትግቢ።"

"ምን ሆንሽ እማ?"

"የገባ ነገር አለ።"

"አይጥ ነው?"

"አይጥ በሆነ!"

ሃኒ በእናቷ ክንድ ሥር ሾልካ ገባች። እግሯ ተንሸራተተ። "ይሄ ውሃ ምንድነው?"

"ውሃ አትበይው፣ ጸበል ነው።"

ጉቱ ተከትሎ ገብቶ እርጥቡ መካከል ቆመና ሳጥኑን ዝቅ ብሎ አየው። "በቃ ፔዳሉ ክርስትና ተነስቷል። የክርስትና ስሙን ማን አሉት አዴ?"

ሃኒ አልሳቀችም። ሳጥኑን በሸሚዟ ትጠርጋለች። "ስንት ቀን የለፋሁበትን! ነገ መንገድ የሚሄድ ዕቃ ላይ..." ገና ሳትጨርስ መብራቶቹ እጇ ላይ ወጡ። "ይኸው! አበላሸሽው።"

"ከመርጨቴ በፊት ነው እንዲህ የሚሆነው። ማርያምን፣ ከመርጨቴ በፊት!"

ሃኒ ቀና ብላ አየቻት። እናቷ ብዙ ነገር ትፈራለች እንጂ በማርያም ስም በውሸት አትምልም። "እሺ፣ መቼ መቼ ነው የሚበራው?"

"ሲያሰኘው።"

"እንደሱ አይባልም እማ። ምን ሲሆን?"

እንቁ አሰበች። የፈራ ሰው ዓይን ምንም አያመልጠውም። "ጣሪያው ሲንኳኳ" አለች።

ጣሪያውን እያዳመጡ ጠበቁ። ነፋሱ ጋብ ብሎ ነበር፤ መብራቶቹም ጠፍተዋል። ከሩቅ የባጃጅ ጡሩምባ ይሰማል። ከዚያ ነፋሱ ሲመጣ የቆርቆሮ አጥሩ ቀድሞ ተንኳኳ፣ ጣሪያው ተከተለ፣ መብራቶቹም በአንድ ጊዜ እስከ ቀይዋ ተሰቀሉ።

የጉቱ ሳቅ ፊቱ ላይ ቀረ። ሃኒ ስፒከሩን አየች፤ ሶኬቱ ተነቅሏል። ሳጥኑን ገልብጣ አየች፤ የሚሠራው በደረቅ ባትሪ ነው። ከግድግዳው ጋር የሚያገናኘው አንድም ነገር የለም። ጠረጴዛው ላይ ካለው ዕቃ መካከል እጀታው ውስጥ ትንሽ መብራት ያለበትን የኤሌክትሪክ ቴስተር አነሳችና ጫፉን ክፍት ሆኖ የሚወዛወዘው የቆርቆሮ በር ላይ አስነካችው። ነፋሱ ሲመጣ የቴስተሩ መብራት ፍም መሰለ።

ሃኒ እጇን ቀስ ብላ ሰበሰበች።

"ማንም በሩን እንዳይነካ" አለች። ድምፏ ቀጥኗል። እንቁን ከመብራቶቹ ሁሉ ይበልጥ ያስደነገጣት ይህ ድምፅ ነው፤ ልጇ እንዲህ ስትናገር ሰምታ አታውቅም። "ጣሪያው ላይ የሚያልፈው የመብራት ገመድ ተልጧል። ነፋሱ ሲያወዛውዘው ቆርቆሮውን ይነካል። ጊታሩ እንደ አንቴና ነው፣ ብልጭታውን ይሰማል፤ ሳጥኑ ያሳያል። እማ፣ ቤቱ ሁሉ ኤሌክትሪክ ይዟል። ከቤቱ ጋር የተያያዘው አጥርም።"

እንቁ ከዚህ ሁሉ የያዘችው "ቤቱ ሁሉ" የሚለውን ነው። ስትፈራው የኖረችው ነገር በአንድ ጠባብ ሳጥን ውስጥ መስሏት ነበር። ለካ ዙሪያዋን ከብቦ ቆሟል።

በዚያው ሰዓት ፎዚያ እርጥብ ሱሪ ይዛ ከጣሪያው ሥር ወደተወጠረው የልብስ ሽቦ እጇን ስታነሳ በደጃፉ ታየች።

"ሂን ቱቂን!" ጉቱ ጮኸ። "ፎዚያ! ሂን ቱቂን! እንዳትነኪው!"

"ምነው፣ ሽቦው የአባትህ ነው?"

"ኤሌክትሪክ ይዟል!"

ሱሪው ከእጇ ወደቀ። ፎዚያ ወደ ኋላ ሄደች፣ ሽቦውን አየች፣ አጥሩን አየች፣ ከዚያ የግቢውን የብረት በር አየች። "ልጆቼ" አለች። "ከመድረሳ እየመጡ ነው። በሩን በሁለት እጃቸው ነው ገፍተው የሚገቡት።" ወጥታ እንዳታስቆማቸው በሩን ሳትነካ መውጣት አይቻልም። አጥሩ ሥር ቆማ ስማቸውን ትጠራ ጀመር፤ ነፋሱ ግን ድምፏን ከአፏ ነጥቆ ይወስደዋል።

የግቢው ሁሉ ማጥፊያ ያለው በቤቱ ባለቤት በጋሽ ሰይፈሚካኤል በረንዳ ላይ፣ ቆጣሪው አጠገብ ነው። ጋሽ ሰይፈሚካኤል ለቅሶ ሄደዋል።

"እኔ ልሂድ" አለ ጉቱ።

ሃኒ እግሩን አየች። የሸራ ጫማው ጸበሉን ጠጥቶ ረጥቧል። "አንተማ አትሞክራት።" ሰንደሏን ወርውራ፣ ከአልጋው ሥር ደረቅ የጎማ ቡትሷን አውጥታ አጠለቀች፣ የመጥረጊያውን እንጨት ይዛ ወደ ደጃፉ ሄደች። መቃኑ ብረት ነው፣ በሩ ብረት ነው፤ በመካከላቸው የቀረው ቦታ ሰው ትከሻውን ሰብስቦ ብቻ የሚያልፍበት ነው።

እንቁ የልጇን ሸሚዝ ከኋላ ጨመደደችው። መቼ እንደያዘችው አታውቅም።

"እማ፣ ልቀቂኝ።"

"አትሄጂም። በሞቴ!"

"ከጎተትሽኝ በሩን እነካለሁ።"

እንቁ ሰማቻት፤ ጣቶቿ ግን አልሰሙም። ዕድሜዋን ሙሉ ልጇን የጠበቀችው በመያዝ ነው። ወንዝ ስትሻገር ይዛ፣ አስፋልት ስትሻገር ይዛ፣ ትኩሳት ሲነሳባት ይዛ። ነፋሱ በሩን ገፋው፤ በሩ ወደ ሃኒ ክንድ ተወርውሮ መጣና አንድ ስንዝር ሲቀረው ተመለሰ። ሃኒ አልተነቃነቀችም፤ የአንገቷ ደም ሥር ግን ሲመታ እንቁ ከኋላ አየችው። ከውጭ ፎዚያ "ቁሙ! እዚያው ቁሙ!" እያለች ትጮኻለች።

እንቁ ዓይኗን ጨፈነች። ጣቶቿን ለቀቀች።

ዓይኗን ስትገልጥ ሃኒ አልፋለች። የልብስ እጣቢው የፈሰሰበትን እየዞረች፣ ከአጥሩ እየራቀች፣ በግቢው መሃል ትሄዳለች። እንቁ ምን ብላ እንደምትጸልይ ጠፍቷት "እባክህ፣ እባክህ" ብቻ ትላለች። ሃኒ በረንዳው ላይ ወጣች። እንጨቱን ዘርግታ መታች። የብረት ድምፅ ተሰማ፤ ስታለች። ሃኒ እጇን በሱሪዋ ጠራርጋ፣ እንጨቱን አስተካክላ እንደገና ሰነዘረች። ማጥፊያው ቀጭ ብሎ ወረደ።

የአንድ ቤት ሬዲዮ በቃል መሃል ተቋረጠ። ከጥግ ካለው ክፍል "ኧረ መብራት ሄደ! ደግሞ ዛሬ ቅዳሜ!" የሚል የተማረረ ድምፅ መጣ። የግቢው በር በኃይል ተበርግዶ የፎዚያ ልጆች እየተገፋፉ ገቡ። "እማ፣ ራበን!" ፎዚያ ትልቁን በጥፊ አለችው፣ ወዲያው ደግሞ ጭንቅላቱን ስማ አለቀሰች። ልጁ ምን እንዳጠፋ አልገባውም።

እንቁ በሩ አሁን ባዶ ብረት መሆኑን ቢነግሯትም ትከሻዋን ሰብስባ ነው የወጣችው። ሃኒ ከበረንዳው ወርዳ፣ ከማንኛውም ቆርቆሮ ርቃ፣ መሬት ላይ ተቀምጣለች። እንጨቱን አልለቀቀችም።

"የሚሠራ ሰው እስኪመጣ ማንም እንዳያበራው" አለች።

"እሺ።"

"ለጋሽ ሰይፈሚካኤል ደውዪላቸው።"

"እሺ፣ እደውላለሁ።" እንቁ አጠገቧ ተቀምጣ እጇን ያዘች። እጇ በረዶ ነው፣ ላብም አጥምቆታል። "ፈርተሽ ነበር?"

"አሁንም ፈርቻለሁ" አለች ሃኒ። ራሷን እናቷ ትከሻ ላይ ጣለች። "እማ፣ እጄ ሊይዝልኝ አልቻለም እኮ። ለዚያ ነው የሳትኩት።"

እንቁ ስንት ዘመን "ለዚች ልጅ ትንሽ ፍርሃት ስጣት" ብላ ስትለምን ኖራለች። አሁን ፍርሃቱ ልጇን ሲያገኛት ግን አልወደደችውም። ያንን እጅ በሁለት እጇ አፍና እያሸች፣ ዓይኗን ከማጥፊያው ሳትነቅል፣ "በቃ፣ አለፈ" አለቻት፣ ራሷ ገና ሳታምነው።